በሁለት እጅ የተቀበልኩት ሽጉጥ

ማንም አልሞተም። ወሬው ለንደን ውስጥ ከኤሌፋንት ኤንድ ካስል ተነስቶ ሼፈርድስ ቡሽ እስኪደርስ አንድ እንግሊዛዊ ገድዬ፣ ሌላ አቁስዬ፣ እስር ቤት ገብቼ ነበርና ይህን አስቀድሜ ልናገር። ጥይቷ የተኩስ ጠረጴዛውን ጠርዝ ቦጭቃ፣ የተኩስ ክለባችን ጸሐፊ ወለል ላይ ያስቀመጠውን የሻይ ፔርሙስ በስታ፣ ግድግዳው ሥር ከተደረደረው የአሸዋ ከረጢት ውስጥ ቀረች። ጸሐፊው ከፔርሙሱ አንድ እርምጃ ርቆ ቆሞ ነበር። አንድ እርምጃ ብዙ አይደለም፤ እሱን አልክድም። ጣቴ መግባት የሌለበት ቦታ መግባቱንም አልክድም። አልቀበልም ያልኩት «ማንም ሳይሰጣት አንስታ ተኮሰች» የሚለውን ነው። ያኔም አልተቀበልኩትም፣ ዛሬም አልቀበለውም።

ጊዜው ደርግ አገሩን ይዞ የተደላደለበት ነው። እኔ ለአንድ ዓመት ትምህርት ብዬ ከአዲስ አበባ ወጥቼ፣ ሳልመለስ ቀርቼ፣ ጥገኝነት ጠይቄ፣ ኬኒንግተን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ሥራዬ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሞረድ ነው። ቀኑን ሙሉ መብራት ሥር ተቀምጬ የማላውቃቸውን እንግሊዞች ጥርስ እሞርዳለሁ፣ እወለውላለሁ። ዓይኔ ከሞረድ ጋር ስለኖረ፣ ማንኛውም የተሞረደ ነገር ከሩቅ ይጠራኛል። ይህ ነገር በኋላ ጠቀመኝ።

ሻለቃውን ያወቅኋቸው እሁድ እሁድ ለቅዳሴ በምንከራየው የእንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን ነው። በጃንሆይ ጊዜ በተኩስ ውድድር ጦሩን ወክለው ውጭ አገር ድረስ የተላኩ መኮንን ነበሩ። ለሥልጠና ለንደን እያሉ ደርግ መጣ፤ እሳቸውም እንደ እኔ ቀሩ። ስድሳን አልፈዋል። በአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ዩኒፎርም ለብሰው ገቢና ወጪውን ይቆጣጠራሉ። የቤተ ክርስቲያኑን መጋረጃ በሰፋን ጊዜ ለሴቶቹ መርፌ ውስጥ ክር የማስገባው እኔ ነበርኩ፤ አጠገቤ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «እጅሽ አይንቀጠቀጥም» አሉኝ።

«መንቀጥቀጡን አገር ቤት ጨርሼው መጣሁ» አልኳቸው።

ሳቁ። በሳምንቱ ቅዳሜ ወደ ተኩስ ክለባቸው ወሰዱኝ።

ክለቡ ከባቡር ድልድይ ቅስቶች በአንዱ ሥር ነበር። ባቡር በላያችን ባለፈ ቁጥር ከጣሪያው አቧራ ይረግፋል፣ ጠረጴዛው ይርገበገባል። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ እጁን አንስቶ፣ ባቡሩ እስኪያልፍ ይጠብቃል። እንግሊዞቹ በዚያች ደቂቃ ስለ አየሩ ያወራሉ፤ ሻለቃው ዓይናቸውን ጨፍነው ይተነፍሳሉ። እኔንም እንዲሁ አስተማሩኝ። በስድስት ወር ውስጥ ከሙከራ አባልነት ወደ ሙሉ አባልነት ልሸጋገር፣ ቀጥሎም ለፖሊስ አመልክቼ የራሴን ፈቃድ ላወጣ ደረስኩ።

ሴት ልጅ፣ ያውም ከዚያ ሁሉ ተኩስ የሸሸች፣ ሽጉጥ ምን ያደርግላታል ይሉኝ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ «የየትኛው ፓርቲ ናት?» ብለው የተንሾካሾኩም አልጠፉም። የማንም አልነበርኩም። አገር ቤት ሳለሁ ተኩስ ሲሰማ ሁላችንም ወለል ላይ እንተኛ ነበር፤ ማን እንደተኮሰ፣ በማን ላይ እንደተኮሰ፣ ለምን እንደተኮሰ አናውቅም። እዚያ ቅስት ሥር ግን ድምፁ የሚወጣው እኔ ስፈቅድ ብቻ ነው። እተነፍሳለሁ፣ አነጣጥራለሁ፣ ካልፈለግሁ አወርደዋለሁ። ለንደን ውስጥ ከዚያች ጠረጴዛ በቀር የእኔ የምለው ቦታ አልነበረኝም።

የወንድሜንም ነገር ለሻለቃው የነገርኳቸው እዚያው ነው። ወንድሜን አብዮት ጠባቂዎች ለጥያቄ ብለው ወሰዱት። በሦስተኛው ቀን እኔና አባቴ ቀበሌ ተጠራን። የሰፈራችን ሰው ነው የተቀበለን፤ ጠመንጃ ከያዘ ወር አልሞላውም። «ባርቆ ነው» አለን። መሣሪያ ሊነጥቅ እጁን ሲሰድ ባረቀ፤ እንዲያ ተብሎ ወረቀት ላይ ተጽፎ ቆይቶናል። አባቴ ካልፈረመ አስከሬኑ አይሰጠንም። ሰውየው ብዕሩን ዘረጋለት። አባቴም፣ ሰው ዕቃ ሲዘረጋለት ዕድሜ ልኩን እንደሚያደርገው፣ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለ። ልማድ ነው፤ እጁ ሳያስበው ያደረገው ነው። ያንን ያየሁበትን ቀን ግን እስካሁን ይቅር አላልኩትም።

ሻለቃው ሰምተው ሲያበቁ ሽጉጣቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ «በደንብ የተያዘ መሣሪያ አይባርቅም፣ ልጄ» አሉኝ። «ባረቀ ካሉሽ፣ ወይ ያዡ በደንቡ አልያዘውም፣ ወይ ዋሽተዋል።»

ሰው እንዲህ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ሁሉም «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ ነው የሚያልፈው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ አባቴ አየኋቸው፤ ይህንን የምለው የቀጣዩ ነገር ለምን እንዳቃጠለኝ እንዲታወቅ ነው።

የዒላማ ሽጉጥ ቃታ ከጦር ሽጉጥ ቃታ ይቀላል፤ ጣት ሲጫነው እጅ እንዳይነቃነቅ ተብሎ ነው። ግን ወሰን አለው። እኛ በምንወዳደርበት ዓይነት ሽጉጥ፣ ቃታው አንድ ኪሎ ተንጠልጥሎበት ሳይለቅ መቻል አለበት። ከዚያ ከቀለለ ሰውየው ሳይወስን ሽጉጡ ይወስናል። ሁለተኛው ደንብ ደግሞ ሽጉጥ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም የሚለው ነው። ሰጪው ባዶ አድርጎ፣ ከፍቶ፣ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፤ ተቀባዩ ከዚያ ያነሳል። ይህን ደንብ ያስተማሩኝ ራሳቸው ሻለቃው ናቸው።

ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጎን ለጎን ቆመን ነበር። ሻለቃው አምስት ጥይት አጉርሰው፣ አቀባብለው፣ ክንዳቸውን ዘረጉ። ባቡር መጣ። ሽጉጡን ማስቀመጥ ነበረባቸው። መነጽራቸውን ግን ጉም ሸፍኖት ኖሮ እሱ አናደዳቸው። በግራ እጃቸው መነጽሩን እያወለቁ፣ ፊታቸውን ሳይመልሱ፣ በቀኝ እጃቸው ሽጉጡን ወደ እኔ ዘርግተው በአማርኛ «እንቺ፣ ያዢልኝ» አሉኝ።

እንግሊዝ ቢሆን ኖሮ «ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው» እለው ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ደንቡን እንደ ዳዊት ደግሜዋለሁ። ነገር ግን የጠየቁኝ በአማርኛ ነው። የአባቴ እኩያ እጁን ዘርግቶ እየጠበቀ ቆሜ የማይ ሆኜ አላደግሁም። ጎንበስ አልኩና በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ሽጉጥ ደግሞ በሁለት መዳፍ የሚቀበሉት ዕቃ አይደለም። ክብደቱ መዳፌ ላይ ሲያርፍ አፈሙዙ ወደ ወለሉ ዘቀዘቀ፤ እንዳይወድቅብኝ ጣቶቼን ስሰበስብ አንዱ ቃታው ላይ ደረሰ። አልሳብኩትም። ነካሁት። ባረቀ።

ባቡሩ አለፈ። ሻዩ ወለሉ ላይ ይፈሳል። ሽጉጡን ቀስ ብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። የተኩስ ኃላፊው፣ ከፖሊስነት ጡረታ የወጣ ረጅም እንግሊዛዊ፣ መጥቶ ጥይቶቹን አወጣና የሽጉጡን ሆድ ከፍቶ በመብራት ተመለከተ። እኔም በክንዱ ሥር አየሁ። ቃታውን ጥይት ከሚመታው መዶሻ ጋር የሚያገናኘው ብረት ጫፉ ላይ አዲስ ያበራል። ፋብሪካ እንዲያ አያወለውልም። በቤት ውስጥ፣ በትንሽ ሞረድ፣ ቃታውን ለማቅለል ብዙ ቀን የተለፋበት ሥራ ነው።

«ምን ሆነ?» አለ ኃላፊው።

አፌን ከመክፈቴ በፊት ሻለቃው በእንግሊዝኛ መለሱ። «መነጽሬን ስጠርግ ከጠረጴዛው ላይ አነሳችው። አላየኋትም።»

ሰው ሲደነግጥ የሚናገረውን እንደማይመርጥ አውቃለሁ። ግን ወንድሜም «ሊነጥቅ ሲል» ነበር የባረቀው። ያቺን ዓረፍተ ነገር አውቃታለሁ፤ እንግሊዝኛ ለብሳ ብትመጣም አውቃታለሁ። ዓይናቸውን ለማየት ሞከርኩ፤ መነጽራቸውን እየጠረጉ ነበር።

ክለቡ ሁለታችንንም አገደና ነገሩ ከሁለት ሳምንት በኋላ ኮሚቴ ፊት እንዲታይ ወሰነ። ጸሐፊው በታይፕ የተመታ ወረቀት በፖስታ ላከልኝ። በሻለቃው ቃል መሠረት «ሳይፈቀድልኝ አነሳሁ፣ ከጭንቀት የተነሳ ተኮስኩ» ይላል፤ ከሥሩ የፊርማ ቦታ አለው። ጭንቀቱን ያከለው ራሱ ጸሐፊው ነው፤ ከኢትዮጵያ የመጣች ሴት ሳትጨነቅ እንዴት ትተኩሳለች ብሎ ይሆናል። ደሜ ፈላ። በዚያ ክፍል ውስጥ ባቡር ሲመጣ ትከሻው የማይዘል ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ።

በሳምንቱ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ኬኒንግተን ድረስ መጡ። አፈ ጉባኤያቸው አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያስተማሩ የድሮ መምህር ናቸው፤ አማርኛቸው ከሁላችንም ይጠራል። ወንበር ሳብኩላቸው። አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ የመጣነው ለአንድ ጉዳይ ነው» አሉ መምህሩ። «ሻለቃ ዘንድሮ የሽጉጥ ፈቃዳቸውን ማሳደስ አለባቸው። ፖሊስ ነገሩን ሲያጣራ የሳቸው ጥፋት ሆኖ ከተገኘ አለቀላቸው። ከዚያች ሽጉጥ ሌላ ምን አላቸው? አንቺ ገና ልጅ ነሽ፤ ወረቀቱን ብትፈርሚ ለሌላ ክለብ ታመለክቺያለሽ።»

«ያንን ወረቀት ከፈረምኩ የትኛው ክለብ ነው በሩን የሚከፍትልኝ?»

«እሱን እግዜር ያውቃል። እኛ ቃልሽን ሳንሰማ አንቀመጥም።»

ይህቺን ደግሞ አውቃታለሁ። ሽማግሌ ቆሞ ከጠበቀ ባለቤት ያፍራል፤ ካፈረ እሺ ይላል። እኔ ግን ሻዩን ቀዳሁና «እንግዲያው ቆማችሁ ትጠጣላችሁ» ብዬ በየእጃቸው ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። አንድ አልጋና ሁለት ወንበር ባለባት ክፍሌ ውስጥ፣ ካፖርታቸውን እንደለበሱ፣ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ቆመው ትኩስ ሻይ እፍ ይሉ ጀመር። ሦስተኛው ጉልበታቸው ስለማይረዳቸው ቀስ ብለው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ መምህሩ በዓይናቸው ገሠጿቸው።

«ወንድሜ በምን እንደሞተ ታውቃላችሁ?» አልኳቸው።

እርስ በርስ ተያዩ። «ነፍሱን ይማረው» አሉ መምህሩ። «ባርቆበት ነው ሲባል ሰምተናል።»

«ማን አለ?»

«አባትሽ ራሳቸው ፈርመዋል ይባላል እኮ፣ ልጄ።»

ክፋት አልነበራቸውም። የሰሙትን ነው የተናገሩት። አባቴ ልጁን ለመቅበር የፈረማት ወረቀት ባሕር ተሻግራ፣ ለንደን ደርሳ፣ እውነት ሆና ክፍሌ ውስጥ ቆማ ሻይ ትጠጣለች።

«አዎ፣ ፈርሟል» አልኳቸው። «እኔ የማልፈርመው ለዚሁ ነው። ሻለቃ ሽጉጡን ከነጥይቱ በእጃቸው ሰጥተውኛል። ቃታውንም አቅልለውታል። ይህን እናገራለሁ።»

«ትልቅ ሰው ታዋርጃለሽ?»

«እሳቸው እንዳይዋረዱ እኔ ውሸታም ልሁን?»

ብርጭቆዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ። ከዚያ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ መርፌያቸውን ወደ እኔ ማምጣት ተዉ። ይተዉት።

የጸሐፊውን ወረቀት ሳልፈርም መለስኩ። ከጎኑ በራሴ እጅ የተጻፈ አንድ ገጽ አያይዤ ሽጉጡ በኮሚቴው ፊት እንዲመዘን ጠየቅሁ። በክለባችን ቃታ የሚመዘነው ከውድድር በፊት ብቻ ነው። ሻለቃው ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አንዴ ወገቤን፣ አንዴ ሥራ በዛብኝ እያሉ፣ ውድድር አልገቡም ነበር። ያኔ ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀም።

ኮሚቴው በአንድ ሐሙስ ከሥራ በኋላ በክለቡ ሻይ ቤት ውስጥ ተሰበሰበ። ሻለቃው ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ክራቫታቸውን አስረው መጡ። እጅ ነሳኋቸው፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ብቻ መለሱልኝ። የተኩስ ኃላፊው ባዶውን ሽጉጥ አቀባብሎ አፈሙዙን ወደ ጣሪያ አደረገ፤ አንድ ኪሎ የሚመዝነውን ባለመንጠቆ ናስ ጠረጴዛው ላይ አቆመና መንጠቆውን ከቃታው ጋር አገናኘ። ከዚያ ሽጉጡን ቀስ ብሎ ወደ ላይ ማንሳት ነው። ቃታው ጤነኛ ከሆነ ናሱ አብሮ ይነሳል፣ መዶሻውም አይወርድም።

ናሱ ከጠረጴዛው ሳይላቀቅ መዶሻው ቀጭ ብሎ ወረደ።

ኃላፊው እንደገና ሞከረ። ቀጭ። ናሱን ፈትቶ ግማሽ ኪሎውን ሰቀለ። እሱም ሳይነሳ ቀጭ አለ። ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ። በላያችን ባቡር መጣ። ሻለቃው እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ተነፈሱ።

ባቡሩ ሲያልፍ ወደ እኔ ዞሩ። ኮሚቴውን ትተው በአማርኛ ነው የተናገሩት።

«ጣቴ አንድ ኪሎ መሳብ ካቃተው ሁለት ዓመቱ ነው» አሉኝ። ቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ። አመልካች ጣታቸው አንጓው ላይ አብጦ ወደ ጎን ጎብጧል። ስድስት ወር አጠገባቸው ቆሜ ያንን ጣት አላየሁትም፤ የማየው ዒላማውን ነበር። «ስለዚህ ቃታውን ሞረድኩት። ቢመዘን እንደሚያስወጡኝ ስለማውቅም ውድድር ቀረሁ። ሲባርቅ ደግሞ አፌ ቀደመኝ።»

«አፍዎ አንድ ጊዜ ቀደመ» አልኳቸው። «ሽማግሌዎቹን የላኩት ግን ሳምንት ሙሉ አስበውበት ነው።»

«አስቤበት ነው» አሉ። አላስተባበሉም።

«በደንብ የተያዘ መሣሪያ አይባርቅም ብለውኝ ነበር።»

«ብዬሻለሁ።»

አዘንኩላቸው። ቢሆንም ቃሌን አላነሳሁም። ለጣታቸው ላዝን እችላለሁ፤ ለዓረፍተ ነገራቸው ግን አላዝንም። ጸሐፊው ምን እንደተባባልን ሲጠይቅ መልሱን ለሻለቃው ተውኩት። ሻለቃው ቆመው፣ ኮታቸውን ቆልፈው፣ እንደ ወታደር ሪፖርት በእንግሊዝኛ ተናገሩ። «ሽጉጡን አጉርሼና አቀባብዬ ነበር፤ በእጄ ሰጠኋት፤ ቃታውን የሞረድኩት እኔ ነኝ።» እኔም ተነስቼ የበኩሌን ጨመርኩ፤ ከእጅ መቀበል አልነበረብኝም፣ ጣቴ ቃታውን ነክቷል።

ኮሚቴው ለእኔ የስድስት ወር ተጨማሪ ሙከራ ወሰነብኝ። ተገቢ ነው፤ አልተከራከርኩም። የሻለቃውን ጉዳይ ለፖሊስ እንደሚያሳውቅ ነገራቸው፤ ሽጉጣቸው ብረት ሣጥን ውስጥ ተቆለፈ። ሁለተኛ አልተኮሱበትም። ይህን እያወቅሁም ዛሬ ብጠየቅ ያንኑ እናገራለሁ።

ጸሐፊው በታይፕ የመታውን ቀደደና የክለቡን የአደጋ መዝገብ አወጣ። ሁለታችን የተናገርነውን በእጁ ጻፈ፤ «ጭንቀት» የሚለውን ቃል ፈልጌ አጣሁት። ብዕሩን ለሻለቃው ሰጣቸው። መነጽራቸውን ጠርገው፣ ከላይ እስከ ታች አንብበው፣ በጎበጠው ጣታቸው ፈረሙ።

ቀጥሎ የእኔ ተራ ነበር። ብዕሩን ሊሰጡኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ እኔም ሳላስበው ጎንበስ ማለት ጀመርኩ። እጃቸው አየር ላይ ቆመ። ከዚያ መለሱትና ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

ቀና አልኩና በአንድ እጄ አነሳሁት።